ወጣቶችና የውኃ ችግር፦ ከአንበሳሜ ምንጮች እስከ ጣና ዳርቻ



«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አነጋገር በአገራችን የቆየ ነው። በሌላ አገር ቢሰማ እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል፤ በደራ ወረዳ ለሚኖር ሰው ግን የዕለት ኑሮ መግለጫ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ አንበሳሜ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከወረዳው በስተምዕራብ የጣና ሐይቅ፣ በስተደቡብ ዓባይ፣ በስተሰሜን ጉማራ ይገኛሉ። አገሩ በሦስት አቅጣጫ በታላላቅ ውኃዎች የተከበበ ሆኖ ሳለ፣ በጋው ሲጠና ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ረጅም መንገድ የሚጓዙ እናቶችንና ልጃገረዶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ለምን ይሆናል? ችግሩንስ ለማስወገድ ወጣቶች ምን ድርሻ አላቸው? በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የችግሩን ምንነት፣ ቀጥሎ ኮረብታውና ሐይቁ ያላቸውን ግንኙነት፣ ከዚያም በጣና ዳርቻ የተደረገው የወጣቶች ዘመቻ ያስተማረንን፣ በመጨረሻም በየአካባቢያችን ሊሠራ የሚቻለውን በተራ እንመለከታለን። ጽሑፉን በቡድን ሆነው ለሚያጠኑ ወጣቶች በማብቂያው ላይ የመወያያ ጥያቄዎች ቀርበዋል።

1. የችግሩ ሦስት ገጽታዎች

የመጀመሪያው ገጽታ የጊዜ ነው። በጣና አካባቢ ከሚዘንበው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በእነዚህ ወራት ምድር በውኃ ትጥለቀለቃለች፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን ምንጩ ይሳሳል፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድም ይነጥፋል። ስለዚህ ችግሩ ውኃ በአገሩ አለመኖሩ ሳይሆን፣ በክረምት የመጣው ውኃ በአፈር ውስጥ ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ መሄዱ ነው።

ሁለተኛው ገጽታ የጥራት ነው። ዓይን ጥሩ ነው ብሎ የመሰከረለት ውኃ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ የተቀዳ፣ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ በታች ከሚገኝ ጉድጓድ የወጣ ውኃ ጥርት ብሎ እየታየ የተቅማጥና የታይፎይድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገጽታ የጥበቃ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈርና የእጅ ፓምፕ ሲተከል ደስታ ይሆናል፤ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሪባን ይቆረጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዋጋዋ አነስተኛ የሆነች የጎማ ቀለበት ስታልቅ ፓምፑ አየር ብቻ መሳብ ይጀምራል። የሚጠግን ሰው፣ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ ወይም መለዋወጫው ራሱ ሲታጣ፣ ብዙ የተደከመበት ጉድጓድ ክዳኑ እንደ ተዘጋ ይቀራል፤ እናቶችም ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ባለሙያም ሆነ ዕቃ ከከተማ እስኪመጣ መጠበቅ የበለጠ አስቸጋሪ ሆኗል። ይህም ሙያው በቀበሌው ውስጥ መኖር እንዳለበት የሚያሳይ ነው።

ስለ መጠኑም ጥቂት እናስላ። መንግሥት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ ያወጣው መለኪያ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ ማዳረስ ነበር። አምስት ሰዎች ላሉበት ቤተሰብ ይህ 125 ሊትር ይሆናል፤ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት። አንዱ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ሸክም በአብዛኛው የምትሸከመው ማን ናት? ከትምህርት ቤት የምትዘገየው፣ አንዳንዴም የምትቀረው ማን ናት? ወንድሞቿ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ ውኃ ችግር መወያየት አይችሉም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በአስተማማኝ ሁኔታ የተዘጋጀ የመጠጥ ውኃ እንዳልነበራቸው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያወጡት ዘገባ አመልክቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ንጹሕ የመጠጥ ውኃና የአካባቢ ንጽሕና ሰብዓዊ መብት መሆኑን አውቋል። መብት መሆኑ ግን ውኃውን በራሱ ከምንጭ ወደ ቤት አያደርሰውም።

2. ኮረብታውና ሐይቁ

ብዙ ሰው የጉድጓድን ችግርና የሐይቅን ችግር ለየብቻ ያያቸዋል። የመጀመሪያው የገበሬው፣ ሁለተኛው የዓሣ አጥማጁ ወይም የመንግሥት ጉዳይ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ሁለቱ የአንድ ውኃ መነሻና መድረሻ ናቸው።

ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥቶ፣ የደራንና የፎገራን ምድር እያጠጣ ወደ ጣና ይገባል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወደ ሐይቁ በወንዞች ከሚገባው ውኃ እጅግ የሚበዛውን ያስገባሉ። ኮረብታው ደኑን ካጣ፣ ማሳውም እርከን ከሌለው፣ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ለም አፈሩን ጠርጎ ወደ ጉማራ ያወርዳል። በዚህም አንድ ጥፋት ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በላይኛው አገር ውኃው ወደ ምድር ሳይሰርግ ስለ ሄደ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል፤ በታችኛው አገር ደግሞ ደለሉ ሐይቁን ይሞላዋል፣ ከአፈሩ ጋር የተጠረገው ማዳበሪያም የአረም ምግብ ይሆናል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል ሁላችን እናውቃለን። ወንዙ ይዞት የሚዞረው ግንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ የገበሬው እርሻ ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሰፋ ነው፤ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ በተባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደለልን የመቻል አቅሙ አነስተኛ ነው። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች በውስጡ አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ወንዙ በደለል ሲታፈን ወይም በበጋ በሞተር ፓምፕ ተስቦ ሲደርቅ የዓሣው ትውልድ አብሮ ይጎዳል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

3. በጣና ዳርቻ የተደረገው ዘመቻ ምን አስተማረን?

እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ ከጣና አስቀድሞ በአዋሽ ወንዝና በቆቃ ታይቷል። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በጣና ላይ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ተስፋፋ። ታንኳ መንገድ አጣ፣ መረብ በአረም ተያዘ፣ ከብቶች የሚጠጡበት ዳርቻ ተሸፈነ።

የዳርቻው ገበሬዎች ለዓመታት በእጃቸው ሲነቅሉት ቆዩ። ጉዳዩ በመላ አገሪቱ ሲሰማም ወጣቶች ተነሡ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ከ200 በላይ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለትም «ጣና የኛ ነው» በሚል መፈክር ወደ ባሕር ዳር መጥተው ከአካባቢው ወጣቶች ጋር አረም ነቀሉ። በዚያ ወቅት በአገሪቱ ውስጥ የነበረውን ውጥረት የሚያስታውስ ሰው፣ እነዚያ ወጣቶች ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን መቆማቸው ምን ያህል ትርጉም እንደ ነበረው ያውቃል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አሰባስበው ለአረም ማጨጃ መሣሪያ መግዣ አዋሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የክልሉ መንግሥት አያሌ ሕዝብ የተሳተፈበት የአንድ ወር ዘመቻ አካሄደ።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ብዙ ስፍራ ነጽቷል፤ አገርም ስለ ሐይቁ ማሰብ ጀምሯል። ነገር ግን አረሙ ተመልሶ መጥቷል። ለምን? ከዚህ ሦስት ትምህርት እንውሰድ።

አንደኛ፦ አረምን መንቀል ሥራውን መጀመር እንጂ መጨረስ አይደለም። ከውኃው ወጥቶ በዳርቻው የተከመረ አረም ክረምት ሲመጣና ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፤ የቀረችው ቁራጭም ሌላ ታበቅላለች። ስለዚህ የተነቀለውን ከዳርቻው አርቆ ማስወገድ፣ ከሁሉም በላይ በየወሩ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ለአንድ ቀን የሚመጡ 1,000 ሰዎች ከሚሠሩት ይልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሱ 20 ሰዎች የሚሠሩት ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛ፦ የአረሙን ምግብ ሳያቋርጡ አረሙን ማጥፋት አይቻልም። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እስከ ገባ ድረስ እምቦጭ ማዕዱን አያጣም። የዳርቻው ደንገል መጨፍጨፍም ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ደንገል ደለልን የሚያስቀር አጥር ነውና። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቅቀው ብዙ ረድተዋል፤ ሆኖም ምግቡ ስላልተቋረጠ አረሙ በኋላ እንደገና ታይቷል። እንግዲህ በአንበሳሜ ኮረብታ ላይ እርከን የሚሠራ ወጣት፣ ሐይቁን ዓይቶት ባያውቅም እንኳ፣ ከእምቦጭ ጋር እየታገለ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፦ በጎ ፈቃድ ጥንቃቄ ይሻል። በጣና አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፤ አልቅትና እባብም አይታጡም። ያለ ቦት ጫማና ያለ ጓንት ወጣቶችን ወደ ውኃ ማስገባት ድፍረት እንጂ ጥበብ አይደለም።

4. በየአካባቢያችን ምን እንሥራ?

ሀ) መለካትና መመዝገብ። ያልተለካ ነገር ለክርክር ይመቻል እንጂ ለዕቅድ አይመችም። ወጣቶች ደብተርና የእጅ ሰዓት ይዘው የቀበሌያቸውን ምንጮችና ጉድጓዶች ይዙሩ። አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይመዝግቡ። ለምሳሌ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሁለት ደቂቃ የሚሞላ ምንጭ በሰዓት 600 ሊትር ይሰጣል። በ12 የቀን ሰዓት 7,200 ሊትር ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 25 ሊትር ቢታሰብ ለ288 ሰዎች ይበቃል። የሌሊቱ ውኃ ግን እንዲሁ ይፈሳል። በሲሚንቶ የተሠራ ማጠራቀሚያ ገንዳ ቢኖር ያው ምንጭ ለ576 ሰዎች በበቃ ነበር። ይህን ስሌት የያዘ ወጣት ወደ ወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ «ውኃ ቸገረን» ብቻ ብሎ አይመለስም፤ ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃልና። ልኬቱ በጥቅምትና በመጋቢት ሁለቴ ይደረግ፤ እውነተኛው የምንጩ አቅም የሚታወቀው በመጋቢት ነው።

ለ) ፓምፑን መጠበቅ። ለየውኃ ተቋሙ ቢያንስ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የጥገና ሙያ ይማሩ። በየገጠሩ የተተከለው የእጅ ፓምፕ በመንደር ደረጃ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጎማውን መለወጥም ለሠለጠነ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገንዘቡም ከመበላሸቱ በፊት ይጠራቀም። 50 አባወራዎች በየወሩ 20 ብር ቢያዋጡ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በሕዝብ ፊት ይነበብ። የውኃ ኮሚቴ የሚፈርሰው በገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣም ይፈርሳል።

ሕዝቡ ራሱ ኃላፊነት ሲይዝ ሥራው እንደሚሰምር በክልላችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራ ክልል ይካሄድ በነበረው የገጠር ውኃ አቅርቦት ፕሮግራም፣ ከ2003 ወዲህ የግንባታው ገንዘብ በዚያን ጊዜ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል በነበረው ድርጅት በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር። ኮሚቴው ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል፣ ሥራውን ይቆጣጠራል። በራሱ እጅ የገነባውን ሰው ሲበላሽ ዝም ብሎ አያየውም። አሠራሩም በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተሸጋግሯል።

ሐ) ጉድጓዱንና የቤቱን ውኃ ማንጻት። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከጉድጓዱ በታች ባለው ተዳፋት ይሁን። ምንጩ በእሾህ ይታጠር፤ የከብት መጠጫ ገንዳ ከሰው መቅጃ ይለይ። በቤት ውስጥ ውኃው ክዳን ባለውና አፈ ጠባብ በሆነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ጣሳ አይነከርበት። ማፍላት አስተማማኝ ነው፤ ማገዶ ግን ይፈልጋል። «ውኃ አጋር» የተባለውን ማከሚያ በመመሪያው መሠረት መጠቀም ይቻላል። ይህም ካልተገኘ ጥርት ያለ ውኃ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ማስተኛት ብዙዎቹን ተሕዋስያን ይገድላል፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይቆይ። ድፍርስ ውኃ ግን አስቀድሞ ካልጠለለ ፀሐይ ዘልቆ አያጠራውም።

መ) ኮረብታውን መጠገን። በክልላችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በበጋ ወራት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሲደረግ ቆይቷል። ከዚህ የተገኘው ልምድ ግልጽ ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ፤ ከኮረብታው ራስ ሳይጀምሩ በታች ያለውን ቦረቦር በድንጋይ ክትር መግታት ጎርፍን በወንፊት እንደ መያዝ ይሆናል። እርከኑ በገመድና በውኃ ልክ ተለክቶ ይሠራ፤ የተዛነፈ እርከን ውኃውን በአንድ ስፍራ አከማችቶ አዲስ ቦረቦር ይከፍታልና። ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለው ኮረብታ ደግሞ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ሊሰጥ ይችላል፤ ሣሩን አጭደው ይሸጣሉ፣ ንብ ያነባሉ። ጥቅም ያገኙበትን ኮረብታ ማንም ሳያዛቸው ይጠብቁታል።

5. ጉልበት ብቻ ሳይሆን ምክርም

እዚህ ላይ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ወጣቱ ለጉልበት ሲፈለግ ይጠራል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ አረም ይነቅላል። ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ መዋጮው ስንት ይሁን፣ ቁልፉ በማን እጅ ይቀመጥ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። ውኃ የምትቀዳው ልጅማ ጭራሹን አትታሰብም። ከዚያም ወጣቱ ወደ ከተማ ሲኮበልል «አገሩን ጠላ» እንለዋለን።

በሌላ በኩል ሽማግሌዎች የሚያነሡት ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ወጣቱ በሆታ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ወር ግን አይገኝም ይላሉ። ይህን ቅሬታ በቃል መመለስ አይቻልም፤ የሚመለሰው በአራተኛው ወር በመገኘት ነው።

አባቶቻችን የመስኖ ውኃን ተራ የሚያስከብር «የውኃ አባት» መርጠው ያለ ጠብ ሲያጠጡ ኖረዋል። ደቦና ወንፈልም የቆዩ ጥበቦች ናቸው። ወጣቶች ይህን ሊንቁት አይገባም፤ በውኃ አባቱ አጠገብ ተቀምጠው ሕጉን ይማሩ፣ እነርሱም ልኬቱንና ሒሳቡን ያምጡ። የውኃ ኮሚቴዎችም ቢያንስ ሁለት ወንበር ለወጣቶች ቢሰጡና፣ ከሁለቱ አንዱን ውኃ ቀጂዋ ልጅ ብትይዘው፣ ብዙ የተደበቀ ችግር ይገለጣል። የትኛው ጉድጓድ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስፈራ፣ የፓምፑ እጀታ መቼ መክበድ እንደ ጀመረ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ማጠቃለያ

ውድ ወጣቶች፣ የዓለም የውኃ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 13 ቀን ይታሰባል። ለእኛ አገር ቀኑ ተስማሚ ነው፤ ምንጩ በሚሳሳበት ወር ይውላልና። የሚመጣውን መጋቢት በሰልፍና በመፈክር ከማሳለፍ ይልቅ፣ በየቀበሌያችሁ አንዲት ምንጭ ለኩ፤ አንድ የቆመ ፓምፕ ለምን እንደ ቆመ መርምሩ። በአንድ ጊዜ ሁሉን መሥራት አይቻልም፤ አንዱን ጀምሮ አለማቋረጥ ግን ይቻላል። በኮረብታው ላይ የተገታች አንዲት ጠብታ በበጋ ምንጩን ታጠግባለች፤ ወደ ጉማራ ስትወርድም ጠርታ ትወርዳለች፤ ጣናም የሚቀበለው አፈር ሳይሆን ውኃ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ካሉት የውኃ ተቋማት የማይሠሩት የትኞቹ ናቸው? የቆሙበት ምክንያት የዕቃ፣ የገንዘብ ወይስ የአስተዳደር ጉድለት ነው?

2. በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይወስዳል? ሥራውን መከፋፈል ያልተቻለው ለምንድን ነው?

3. ከመንደራችሁ የሚወርደው ጎርፍ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጉማራ ነው ወይስ ወደ ዓባይ? በመንገዱስ ምን ይዞ ይሄዳል?

4. በጣና ላይ ከተደረገው ዘመቻ ያገኘነውን ትምህርት በመንደራችን ሥራ ላይ እንዴት እናውለው?

5. በቀበሌያችሁ የውኃ ኮሚቴ ውስጥ ወጣቶችና ልጃገረዶች አሉን? ከሌሉ፣ ጉዳዩን ለሽማግሌዎች በአክብሮት የሚያቀርበው ማን ይሁን?